የኡታኮ ጥቁር ገጾች

— ሄሎ… ሄሎ፣ ማን ልበል?… ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማኝ፣ እስቲ ወደ ውስጥ ግባ።… ሬይጂ? አንተ ነህ እንዴ? ቁጥሩ አዲስ ሆኖብኝ እኮ ነው።… በባልደረባህ ስልክ ነው? እሺ። ኩሺሮ እንዴት ነው፣ በረዶው ተወት አደረገው?

— አውሮፕላኑ መቅረቱንማ ሰማን። ሞሪዮ ላንተ በያዘው ወንበር ላይ ኮቱን ደልድሎ፣ ማንንም ሳያስቀምጥበት ዋለ።… አይ፣ አልተቀየመም። ወንድምህን አታውቀውም? ቢቀየም እንኳ አፍ አውጥቶ እስኪናገር አንተም ጡረታ ትወጣለህ።

— ኮንሰርቱማ… ቆይ፣ ቁጭ ልበልና ላውራህ። ውረጂ አንቺ፣ ውረጂ ከዚህ።… ድመቷን ነው።

— ምን አልክ?… ኡታኮማ ዘፈነች።… የወንድምህ ሚስት ዘፈነች ነው የምልህ። መድረክ ላይ፣ ብቻዋን፣ የሂሚ ከተማ ሕዝብ ሁሉ ፊት።… ኧረ አልቀለድኩም፣ እኔ እህትህ መቼ ነው እንዲህ ባለ ነገር የቀለድኩት?… ልክ ነህ፣ ወጥታ ነበር። ባለፈው መኸር ነው ከሴቶቹ ኳየር የወጣችው። እኛም በቃ፣ አበቃ ብለን ነበር።

— እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ጊዜ አለህ?… ምሳ ሰዓት ነው? ጥሩ፣ እየበላህ ስማኝ። ብቻ ጆሮዬ ላይ አታላምጥብኝ።

— ኡታኮ ስትወጣ ለሁሉም የሰጠችው ምክንያት አንድ ነው፤ "ደከመኝ"። ለእኛም ደከመኝ፣ ለወይዘሮ ኢሱሩጊም ደከመኝ።… መሪያቸው ናቸዋ፣ እጃቸውን ሲያነሱ ጣራ የሚነኩት ሴትዮ።… አዎ፣ እሳቸው። ለዘንድሮው ኮንሰርት አንድ ዘፈን ውስጥ ብቻዋን የምትዘፍንበትን ቦታ መድበውላት ነበር። ዘፈኑ ጎህ ሲቀድ መረባቸውን ሊያወጡ ስለሚሄዱ ዓሣ አጥማጆች ነው። እሷ ግን ኖታዎቿን ጠቅልላ ቁም ሳጥን አናት ላይ ሰቀለቻቸው። ከጎረምሶች ጋር ወደብ ላይ ትሽከረከር ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ የዘፈነችበት ኳየር ነው፤ ስትወጣ ግን እንባም የላት፣ ወሬም የላት።

— ዓይኗ መሆኑ እንዴት ታወቀ?… እኔ ነኝ ልብ ያልኩት። አንድ ቀን የሶያ ስጎውን ሳህኑ ውስጥ ሳይሆን ጠረጴዛው ላይ ስታፈስ አየኋት። ዝም አልኩ። ሌላ ቀን ደግሞ ጎረቤታችን መንገድ ላይ ሰላም ሲላት ዘግታው አለፈች። ኡታኮ ሰው የምትዘጋ ሴት ናት?… ታዲያስ። ለሞሪዮ ነገርኩትና ዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰዳት። ሐኪሙ ዘንድ ግን ብቻዋን ነው የገባችው። ስትወጣ፣ ዓይኔ ትንሽ ደክሟል፣ እንዳይብስ መርፌ ይሰጡኛል ብላ ነገረችን። የቀረውን ሆድ ይፍጀው ብላ ዋጠችው።

— ሞሪዮ ደግሞ "ደክሟል" ሲሉት የገባው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማተለቅ። ዕድሜውን ሙሉ ጀልባ ላይ ስም ሲጽፍ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይታየዋል? ኖታዎቹን ከቁም ሳጥኑ አናት አውርዶ ፎቶ ኮፒ ቤት ወሰዳቸውና የጠረጴዛ ልብስ የሚያካክሉ ወረቀቶች ተሸክሞ መጣ። ያ ወረቀት ደግሞ ድሮም የኮፒ ኮፒ ነው። ኖታው ሲተልቅ እድፉም አብሮ ተለቀ። የቱ ኖታ፣ የቱ የዝንብ ኩስ እንደሆነ ደህና ዓይን ያለኝ እኔም አልለየሁም።… ሳቅ አንተ። በጊዜው ግን የሚያስቅ አልነበረም።

— ሄሎ?… ትሰማኛለህ?… እ፣ ተቆራረጠብኝ። የት ነበርኩ?… አዎ። ከዚያ መርፌዋን ልትወጋ በገባችበት ጊዜ ሞሪዮ ውጭ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ፣ ካርድ ክፍል የምትሠራ አንዲት ሴት ታናግረዋለች። ዋሽንት ትጫወታለች አሉ። እሷ ናት የነገረችው። ኖታን በተራ ፊደል ጽፈህ የምትሰጠው የኮምፒዩተር ፕሮግራም አለ፤ ፊደሉን ተቀብሎ ኖታውን እሱ ይስለዋል። ጥሩነቱ ደግሞ የእያንዳንዷን ነገር መልክ ማዘዝ ትችላለህ። የኖታው ራስ ይተልቅ፣ እግሩ ይጠር፣ መስመሩ ይሳሳ፣ ቀለሙ እንዲህ ይሁን ትለዋለህ፣ ያደርገዋል። ያላዘዝከውን ግን አያደርግም። ስታዝ ከተሳሳትክ ደግሞ ስህተትህን አሳምሮ ይስልልሃል።

— ማን ያንብብለት? እኔ ነኛ። እሱ ዶ እና ሬን አይለይም። እኔ መዋዕለ ሕፃናት ሳስተምር ኦርጋን እነካ አልነበር? ስለዚህ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ባንዲት ጣቱ ይመታል። "ላ፣ ሶል፣ ሶል" እለዋለሁ፣ "ስንት ሶል?" ይለኛል፣ "ሁለት" እለዋለሁ፣ "አሁን ካልሽው ጋር ነው ሁለት ወይስ ሌላ ሁለት?" ይለኛል። በልጅነታችን እንኳ እንደዚያ አልተጣላንም።… ኡታኮማ አላወቀችም። እሷ ገበያ ስትወጣ ነው የምንሠራው፤ ስትመለስ ሞሪዮ ኮምፒዩተሩን ዘግቶ የአየር ትንበያ ሲያይ እንደነበረ ይነግራታል። እንደዚያ ሁለት ወር የአየሩ ነገር አሳስቦት አያውቅም።

— መጀመሪያ የወጣውን ብታየው… የኖታዎቹን ራስ ሲያተልቅ ግጥሙን ረስቶታል። ኖታዎቹ ግጥሙን በሉት። ለግጥሙ ቦታ ይለቀቅ ብሎ ሲያዝ ደግሞ እግሮቹን አረዘመና ገጹ የቀርከሃ ጫካ ሆነ። ሌላ ጊዜ የዕረፍት ምልክቶቹን ብቻ አተለቀ። ዘፈኑ በሙሉ ዝም በሉ የሚል ነው የሚመስለው። ግን ተስፋ አልቆረጠም። በመጨረሻ ደንበኛ፣ ጥርት ያለ፣ ከዚህ እስከ በሩ የሚነበብ ወጣለት። እኔም አይቼ፣ አሁንስ በቃ አልኩ።

— ሰጣት። እሁድ ጠዋት ነው፣ ቁርስ በልተን ስናበቃ። ኡታኮ ወረቀቱን ያዘች፣ ወደዚህ አለች፣ ወደዚያ አለች። አመሰግናለሁ አለችው። ከዚያ በወግ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሰው የሚያነበውን ነገር አያጥፍም። ሞሪዮ ግን ሌላ ገጽ አቀበላት፣ ይሄም ካነሰ አተልቀዋለሁ ብሎ። እሷ አልተቀበለችውም። "ሞሪዮ፣ ባተለቅከው ቁጥር ጉድጓዱ ውስጥ እየገባብኝ ነው" አለችው።

— ምን ጉድጓድ?… እሱም እንዳንተ ጠየቀ። ያን ጊዜ ነው ያወጣችው። ዓይኗ የተጎዳው መሐሉ ነው ለካ። ቀጥ ብላ የምታየው ነገር ሁሉ አመድ የመሰለ ጥላ ውስጥ ይገባባታል፤ የሚታያት ዳር ዳሩ ነው። ነገር ሲተልቅ ጥላው የባሰ ይውጠዋል። ይህን ሁሉ ሐኪሙ ነግሯት ነበር፤ እሷ ናት ለማንም ትንፍሽ ያላለችው። ከዚያ ምን አለችው መሰለህ… "ፊትህን ካየሁት ቆየሁ። እኔ የማየው ጆሮህን ነው" አለችው።

— …አለሁ፣ አለሁ።

— እሱማ… እኔ ሳህን ማንሳት ጀመርኩ፣ እዚያ መቀመጥ አልቻልኩማ። ከዚያ ሞሪዮ እጁን ወደ ጆሮው ሰዶ ዳሰስ አደረገውና፣ "ጆሮዬስ ደህና ነው?" አላት።… እውነቴን ነው፣ እንደዚያ አላት፣ ኮስተር ብሎ። ኡታኮ መጀመሪያ ያለቀሰች መስሎኝ ነበር። ሳቋ ነው። ሳህኑን ይዤ እኔም ሳቅኩ፣ እሱ ግን አልሳቀም፤ መልስ ይጠብቃል።

— ከዚያች ቀን ወዲያ መደበቅ ቀረ። ሁለቱም ኮምፒዩተሩ ፊት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እሱ አንድ ነገር ያዛል፣ "አሁንስ?" ይላታል። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታይና አይ ትለዋለች። እንደገና፣ "አሁንስ?" ማተለቁን ተወው፣ መጠኑን መልሶ አነሰው። ገጹን ጥቁር አደረገው፣ ኖታውን ቢጫ፤ ያኔ ተሻላት። አምስቱን መስመሮች አደበዘዛቸው፤ ያን ጊዜም ተሻላት። የሌሎቹን ድምፅ ሁሉ አጥፍቶ የሷን ብቻ አስቀረ። ግጥሙን ራሷ ናት አውጣው ያለችው፤ ቃሉን በልቧ ታውቀዋለች። የምትተነፍስበት ቦታ ላይ አረንጓዴ መንጠቆ አስገባላት። ኖታ ከኖታ ግን አሁንም አልለይ አላት፤ ሁሉም ክብ ነው፣ ከዳር ሲታይ ክብ ከክብ ይመሳሰላል።

— እዚህ ላይ የሠራበት ሙያ ነው መላ የሰጠው። ጭጋግ ውስጥ ማንም የጀልባ ስም አያነብም፤ ሰው ጀልባውን የሚያውቀው በጽሑፉ ቅርጽ ነው ይላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኖታ የተለየ ቅርጽ እንዲሰጥ አዘዘው። ዶ ሦስት ማዕዘን፣ ሬ ሳህን መሳይ፣ አንዱ አራት ማዕዘን፣ አንዱ ሹል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ። ገጹን ሲያወጣላት ኡታኮ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ በዓይኗ ጥግ አየችውና፣ "ኦኒጊሪ" አለች።… አዎ፣ ሦስት ማዕዘኑን ነዋ፤ ልክ በሦስት ጥግ እንደተጠፈጠፈ ሩዝ ነው የሚመስለው። አራት ማዕዘኑን ደግሞ፣ እንደ አይብ ቁራጭ ነዋ፣ ቶፉ አለችው። ከዚያ በቃ፣ "ኦኒጊሪ፣ ኦኒጊሪ፣ ቶፉ፣ ሳህን" እያለች መዝፈን ጀመረች። ኩሽና ሆኜ ስሰማት ራበኝ።

— ኳየሩማ… እሱ ሌላ ጣጣ ነበር። ወደ ልምምድ በተመለሰች ቀን አብሬያት ሄድኩ። ጥቁር ገጾቿን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ ጥግ ላይ ተቀመጠች። አፍራለች። ወይዘሮ ኢሱሩጊ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ነጭ ኖታ እንዲይዝ የሚወዱ ሴት ናቸው፤ ሲታይ መልኩ ይበላሻል ባይ ናቸው። መዝፈን ጀመሩ። ጥቂት እንደሄዱ እጃቸውን አወረዱና፣ ወይዘሮ ኪታጂማ ለምን አንገትዎን እንደዚያ ያጣምማሉ ብለው ጠየቁ።… ኪታጂማ፣ የመድኃኒት ቤቷ፣ ኡታኮ ጎን የምትቀመጠው። ለካ የኡታኮን ገጽ እያየች ነው። ምን አለች መሰለህ? እኔ ነጩ ወረቀት ከታየኝ ቆይቷል፤ የኡታኮን አፍ እያየሁ ነበር የምዘፍነው፤ እሷ ከወጣች ወዲህ ዝም ብዬ ከንፈሬን ነው የማንቀሳቅሰው አለች።

— ቆይ፣ አልጨረስኩም። ከኋላ ደግሞ አንዷ ተነስታ፣ እኔ ያንቺን አፍ እያየሁ ነበር እኮ አለቻት። ሌላዋ ደግሞ የሷን። ሬይጂ፣ ያ ሁሉ ኳየር ሲዘፍን የከረመው ከኡታኮ አፍ እየተቀባበለ ነው።… አዎ። መሪዋ ተናደዱ ብዬ ፈርቼ ነበር። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አጠለቁት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ሞሪዮ ለመሪም ይሠራል ወይ ብለው ጠየቁ።

— ሠራላቸዋ። ለእያንዳንዷ እንደ ዓይኗ። አንዷ ቢጫ በጥቁር፣ አንዷ ጥቁር በክሬም፣ አንዷ መስመሩ ወፈር ብሎ ኖታው ከኖታ ራቅ ራቅ ያለ። ቤታችን ልብስ ስፌት ቤት መሰለልህ፤ ሴቶቹ እየመጡ ይለካሉ።… አይ፣ የሚጠላ እንዳይመስልህ። ወንድምህን እንደዚያ ሲያወራ አይቼው አላውቅም።

— እንግዲህ ትናንት። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሞሪዮ ፊት ወንበር ላይ፣ በዚህ በኩል ኮቱ፣ በዚያ በኩል እኔ። ሴቶቹ ገቡ፣ የሁሉም ገጽ ሌላ ሌላ። አንዱ ዘፈን አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። የመረቡ ዘፈን ደረሰ። ኡታኮ አንድ እርምጃ ወደፊት ወጣች። ፒያኖው መንገዱን ጠረገላት፣ እሷ የምትገባበት ቦታ ላይ ደረሰ… ዝም አለች።

— ገጹን ታያለች፣ አንገቷን ወዲህ ታዘነብላለች፣ ወዲያ ታዘነብላለች። የወይዘሮ ኢሱሩጊ እጅ አየር ላይ ቀረ። ፒያኖ ተጫዋቿ ያችኑ ቦታ ደገመቻት። እኔ የሞሪዮን ክንድ ይዣለሁ፤ ክንዱ ደረቅ እንጨት ሆኗል።

— ምን ሆና?… ቆይ እነግርሃለሁ። ሞሪዮ ጠዋት ማንም ሳያየው ተነስቶ አንድ ነገር ጨምሮላታል። ብቻዋን የምትዘፍንበት የመጀመሪያው ኖታ ላይ፣ በኖታው ራስ ቦታ ትንሽ ጀልባ ሥሏል። ያን ፕሮግራም የራስህንም ሥዕል ሳልልኝ ብትለው ይስልልሃል። ደስ እንዲላት ብሎ ነው፣ አንዲት ጀልባ ብቻ። ግን እንደዚህ ስታዝ "አንዴ ብቻ" የምትል ቃል አብረህ መጻፍ አለብህ። ካልጻፍክ ትእዛዙ ከዚያ ቦታ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል። እሱ ረሳት። አትሞ፣ ሳያይ አጥፎ ማኅደሯ ውስጥ ከተተላት።

— እህ፣ ገባህ። ኦኒጊሪ የለ፣ ቶፉ የለ። ጀልባ፣ ከጀልባ ቀጥሎ ጀልባ፣ ከዚያ ጀልባ። ገጹ ሙሉ ወደብ ነው።… አትሳቅ እስቲ፣ እኔ እዚያ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

— ምን አደረገች?… መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ማኅደሩን ዘጋችው። ደረቷ ላይ አስደግፋ ያዘችውና ቀና አለች። ዓይኗን እኛ ወዳለንበት ላከች፣ ወደ ሞሪዮ ግን አይደለም፣ ወደ ባዶው ወንበር ነው፣ ኮቱ ወዳለበት። ሰው ሁሉ ባዶ ወንበር የምታይ መስሎታል። እኔና እሱ ግን አወቅን። እሱን ለማየት ነው ጎኑን የምታየው።

— ከዚያ ዘፈነች። በቃሏ ነው የዘፈነችው፣ አንዲትም ሳትስት። ያን ሁሉ ቀን "አሁንስ? አሁንስ?" ሲባባሉ ዘፈኑ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል ለካ፤ እሷም አላወቀችም። የመጀመሪያው ድምፅ ላይ ሳቋ አብሮ አለ። ከኋላዬ የነበረ ሰው ይህ ዘፈን ከሳቅ የሚጀምር ነው እንዴ ብሎ ሚስቱን ሲጠይቃት ሰምቻለሁ።… ሞሪዮ? ሞሪዮማ ኮቱን አንስቶ ፊቱን ሸፈነ።

— ሲያልቅማ ኡታኮ ማኅደሩን ከፍታ ለሴቶቹ ሁሉ አሳየቻቸው። ወይዘሮ ኢሱሩጊ ገጹን ከእጇ ወስደው ሲስቁ ቁመታቸው አጠረ። ሞሪዮ ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ከኋላ በር ሲገባ የተቀበሉት በጭብጨባ ነው። መድረክ ላይ ጎትተው አወጡት፣ እጅ ነሱት፣ እሱም መልሶ እጅ ነሳ፣ እነሱም መልሰው፣ ማን ቀድሞ ያቁም? ኡታኮ ክንዱን ይዛ ባታወርደው ኖሮ እስካሁን እዚያ ነበር።

— እሱን ላገናኝህ?… እሺ፣ ግን አሁን የሚመጣ አይመስለኝም። ምክንያቱም… ትናንት ማታ እራት ላይ ኡታኮ፣ ይህን ዘፈን ከኔ የበለጠ የሚያውቀው ሞሪዮ ነው፤ እያንዳንዷን ኖታ በጣቱ ጽፏታል፤ አንዲቷንም ግን በአፉ ብሏት አያውቅም አለች። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አስቀምጣ እያስተማረችው ነው። እምቢ ብሎ ነበር፤ እምቢታው ግን እስከ ቁርስ ነው የቆየው።

— እስቲ ቆይ፣ በሩን ልክፈት።… ይሰማሃል? ይቺ እሷ ናት።… አዎ፣ አሁንም ልጅ ናት ድምፅዋ። አሁን የሱ ተራ ነው፣ ጠብቅ… ይኸው። ሰማኸው? እሱ ነው።… ኧረ በሩ አይደለም፣ ወንድምህ ነው። እስቲ ዝም በል፣ ሳቅህ እዚያ ድረስ ይሰማል። — አይ፣ ቀጥሉ እናንተ፣ ማንም የለም፣ ስልክ ነው።

— እንዳታቋርጣቸው፣ ገና ሁለተኛው መስመር ላይ ናቸው። እኔ ሰርዲን እሳት ላይ ጥጃለሁ፣ ሊያርብኝ ነው። ስልኩን እዚህ ወንበሩ ላይ፣ ወደነሱ አዙሬ አስቀምጬልሃለሁ። ስትጠግብ አንተው ዝጋው።